ውኃው መሸሽ ያቆመበት ወረዳ፦ የዳሰነች የጉዳይ ጥናት ከ1998 እስከ 2017 ዓ.ም.

ከጂንካ ተነሥቶ በቱርሚ በኩል ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ የሐመርን ኮረብታዎች ከለቀቀ በኋላ በደረቅ ሜዳ ላይ ይዘረጋና ኦሞራቴ ላይ ከኦሞ ወንዝ ጋር ይገናኛል። ኦሞራቴ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በደቡብ ኦሞ ዞን የምትገኘው የዳሰነች ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከከተማዋ በስተ ደቡብ ወንዙ በርካታ ቅርንጫፎች እያወጣ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል፤ በዚያው ረግረግ መካከልም የኢትዮጵያና የኬንያ ድንበር ያልፋል። በምዕራብ በኩል ኬንያና ደቡብ ሱዳን የይገባኛል ጥያቄ ሲያነሡበት የኖሩት የኢለሚ ትሪያንግል አለ፤ በምሥራቅ ሐመር፣ በሰሜን ኛንጋቶም ይዋሰኑታል። የወረዳው ነዋሪ አብዛኛው ዳሰነች ሲሆን፣ በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የብሔረሰቡ ቁጥር ወደ 48 ሺህ ይጠጋ ነበር። ከድንበሩ ማዶ፣ በኢለሬት ዙሪያ፣ ኬንያዊ የሆኑ ዳሰነቾችም ይኖራሉ።

ይህ ወረዳ ሃያ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ በአንድ ወንዝ ምክንያት ሦስት የተለያዩ መከራዎችን አይቷል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድንገተኛ ሙላት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝቡ እርሻውን የሚያርስበት ዓመታዊ ሙላት ቀረ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ውኃው ተመልሶ መጣ፤ ነገር ግን እንደ ቀድሞው አልሸሸም፤ እርሻውን፣ ግጦሹንና መንደሩን ይዞ ቀረ። ስለ ዳሰነች የሚነገረውና የሚጻፈው ብዙ ጊዜ እነዚህን ሦስት ክስተቶች ለያይቶ፣ አንዱን እንደ ጎርፍ፣ አንዱን እንደ ውኃ እጥረት፣ አንዱን እንደ አየር ንብረት ለውጥ ያቀርባቸዋል። በእኔ እምነት ግን ሦስቱም የአንድ ጉዳይ ክፍሎች ናቸው። የዳሰነች ኑሮ ከውኃው ብዛት ይልቅ የተመሠረተው ውኃው በሚመጣበትና በሚሄድበት ጊዜ ላይ ነው፤ የፈረሰውም ይኸው የጊዜ ሥርዓት ነው።

መሬቱና ወንዙ

ወረዳው ከባሕር ጠለል በላይ ከ400 ሜትር በታች የሆነ ሞቃት ቆላ ነው። በዓመት የሚያገኘው ዝናብ በአማካይ ከ400 ሚሊ ሜትር ብዙም አይዘልም፤ እርሱም በዋናነት ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥል፣ አንዳንድ ዓመት የሚቀር፣ አንዳንድ ዓመትም አንዱን ቀበሌ አርጥቦ ጎረቤቱን የሚዘል ነው። በዚህ ዝናብ ብቻ ማሽላ ማብቀል አይቻልም። የኦሞ ወንዝ ግን የሚሞላው በሌላ አገር ዝናብ ነው። ከጊቤና ከጎጀብ ምንጮች ጀምሮ በሸዋ፣ በወለጋ፣ በጅማና በከፋ ደጋዎች ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጥለውን ውኃ ሰብስቦ ወደ 760 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከፍተኛው ሙላት ዳሰነች የሚደርሰው በነሐሴና በመስከረም፣ ማለትም በአካባቢው ዝናብ ከሌለበት ወቅት ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ወረዳው በዓመት ሁለት እርጥብ ወቅቶች ነበሩት፤ አንዱ ከሰማይ፣ ሌላው ከወንዝ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይተካው ነበር።

ወንዙ ከገደፉ ወጥቶ ሜዳውን ለጥቂት ሳምንታት ይሸፍንና ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ ይሸሻል። የሚተወው ደለል ጥቁርና ለም ነው፤ ከሥሩም ሰብሉን እስከ መከር የሚያደርስ እርጥበት ይይዛል። ገበሬው ማረሻም በሬም አያስፈልገውም፤ ውኃው በሸሸበት ልክ እየተከተለ በሹል እንጨት ጉድጓድ እየፈጠረ ማሽላ ይዘራል፤ በየመካከሉም በቆሎና ባቄላ መሰል ጥራጥሬ ይጨምርበታል። ሰብሉ ያለ አንዲት ጠብታ ዝናብ አድጎ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይሰበሰባል። ውኃው ደርሶ የተመለሰበት ያልታረሰ ሜዳም ሣር ያወጣል፤ በደረቁ ወራት ከብቱ ከሩቅ ግጦሽ ተመልሶ የሚሰማራበት እርሱ ነው። ይህ ዓይነቱ የሽሽት እርሻ ምርት ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ ሙላቱ ዝቅተኛ በሆነ ዓመት የሚለማው መሬት ይጠባል። ቢሆንም ማዳበሪያ፣ ነዳጅና ብድር የማይጠይቅ፣ በራሱ የቆመ እርሻ ነበር።

የመሬቱ አያያዝም ከዚሁ ጋር የተስማማ ነው። በወንዝ ዳር ያለ ማሳ የቤተሰብ ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ነገር ግን ሙላቱ በአንድ ዓመት አንዱን ጎሣ ሲያጠግብ ሌላውን ሊዘል ስለሚችል ማሳ ያገኘው ለዘመድ፣ ለአማችና በወዳጅነት ለተሳሰረው ሰው መዝሪያ ያካፍላል። በሌላ ዓመት ወረታው ይመለሳል። ከብት የሞተበት ሰው በማሽላ፣ ማሽላ የጠፋበት ሰው በከብት የሚደጋገፈው በዚህ መንገድ ነበር። ይህን ዝምድና ሳይረዱ ስለ ዳሰነች ምርት በኩንታል ብቻ ማውራት ግማሹን ጉዳይ መተው ነው፤ ማሳው ሲጠፋ የሚጠፋው እህሉ ብቻ ሳይሆን ሰው በክፉ ቀን በር የሚያንኳኳበት ወዳጅም ጭምር ስለሆነ።

የሚንቀሳቀስ ሐይቅ፣ የማይንቀሳቀስ ድንበር

ቱርካና መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውኃ ከአሥር እጅ ስምንት ወይም ዘጠኙን የሚያመጣው ኦሞ ሲሆን፣ የሚወጣው ደግሞ በትነት ብቻ ነው፤ በዚያ ሙቀትና ንፋስ በዓመት ከሁለት ሜትር በላይ የሚሆን ውኃ ከሐይቁ ላይ ይተናል። ስለዚህ የሐይቁ ከፍታ በደጋው ዝናብና በቆላው ትነት መካከል ያለ ሒሳብ ነው። ዳርቻው እጅግ ለጥ ያለ በመሆኑ ሐይቁ አንድ ሜትር ሲነሣ ውኃው በኪሎ ሜትሮች ወደ ሰሜን ይገፋል፤ አንድ ሜትር ሲወርድም ያንኑ ያህል መሬት ይወጣል።

በ1890 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ከከፋ ተነሥቶ እስከዚህ ሐይቅ ሲወርድ፣ እንዲሁም ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ጣሊያናዊው አሳሽ ቦተጎ ኦሞን ተከትሎ ሲደርስ፣ ሐይቁ ከፍ ብሎ ነበር፤ ከወንዙ በስተ ምዕራብም ሰፊ የውኃ ሰላጤ ነበረው። በሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ሐይቁ ከ15 ሜትር በላይ ወረደ፤ ሰላጤውም ደረቀ። ከ1970ዎቹ እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት የተነሡ የሳተላይት ምስሎች የወንዙ ደለል በመቶዎች የሚቆጠር ካሬ ኪሎ ሜትር አዲስ መሬት በሐይቁ ውስጥ እንደ ሠራ ያሳያሉ። ዳሰነቾች ያን መሬት እየተከተሉ ወርደው አረሱት፤ ከብታቸውን አሰማሩበት፤ ልጆቻቸውን ወለዱበት። ዛሬ በውኃ ተዋጡ ከሚባሉት መንደሮች ብዙዎቹ የሚገኙት አያቶች ሐይቅ አድርገው በሚያውቁት መሬት ላይ ነው።

ድንበሩ ግን በወረቀት ላይ ጸንቶ ቆሟል። የኢትዮጵያና የብሪታንያ የድንበር ስምምነት በ1907 (እ.ኤ.አ.) ተፈረመ፤ ከኬንያ ጋር የተደረገው ውል ደግሞ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ተፈረመ። በመካከሉ የብሪታንያ አስተዳደር ዳሰነቾችን ከወንዙ በስተ ምዕራብ ከነበራቸው የኢለሚ ግጦሽ እየገፋ አወጣቸው። ይህ የቆየ ታሪክ ለዛሬው ጉዳይ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም ውኃው በደቡብ በኩል ሲገፋ ከብቱን ይዞ የሚሸሽበት የምዕራቡ ሜዳ ከዘጠኝና ከስምንት አሥርት ዓመታት በፊት የጠበበ ነው።

የ1998 ዓ.ም. ሙላት

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በደጋው የጣለው ዝናብ ከተለመደው በላይ ሆነና ኦሞ በፍጥነት ሞላ። ውኃው በወንዙ ቅርንጫፎች መካከል ባሉት ደሴቶችና ዝቅተኛ ቦታዎች የሰፈሩትን መንደሮች ከበበ፤ መንግሥት በወቅቱ ያሳወቀው የሞቱት ሰዎች ቁጥር ከ360 በላይ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተከበው በጀልባና በሄሊኮፕተር እርዳታ ደረሰላቸው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶችም አለቁ።

ሙላት ለዳሰነች አዲስ ነገር አልነበረም። ሕዝቡ በየዓመቱ ሙላቱን የሚጠብቅ፣ ቤቱን ነቅሎ ከፍ ወዳለ ቦታ የሚወጣና ውኃው ሲጎድል የሚመለስ ነው፤ ሴቶች የሚሠሩት ክብ ቤት ቀጭን እንጨት ጎብጦ በቆዳ፣ በሰሌን፣ አሁን አሁን ደግሞ በቆርቆሮ የሚሸፈን በመሆኑ በአንድ ቀን ፈርሶ በሌላ ቦታ ይቆማል። የገደለው የውኃው ፍጥነት ነው። ደጋ ላይ የተለካ የወንዝ ከፍታ ቆላ ለሚኖረው ሰው የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። ውኃው ከላይኛው ተፋሰስ እስከ ዳሰነች ለመውረድ ቀናት የሚፈጅበት በመሆኑ አንድ የሬዲዮ መልእክት ብዙ ነፍስ ሊያድን ይችል ነበር ብሎ መናገር ማጋነን አይደለም። ከአደጋው የተወሰደው ትምህርት ግን በዋናነት ወንዙን መግታት ያስፈልጋል የሚል ሆነ። የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ሥራ የተጀመረውም በዚያው ዓመት ነው።

የቀረው ሙላት

ግልገል ጊቤ ሦስት 243 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ነው። የሚይዘው ውኃ ከ14 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ሲሆን፣ ይህም ከወንዙ የአንድ ዓመት ፍሰት ብዙም የማያንስ መጠን ነው። ውኃ መያዝ የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። አገሪቱ ከዚህ ግድብ ያገኘችውን ኃይል ማቃለል አይገባም፤ ከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ ማታ ማታ የሚያበራው መብራት ከዚህ ጉዳይ ጋር የተገናኘ ነው፤ ለዚህም ነው ጉዳዩ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ያልሆነው።

የኃይል ማመንጫ ግድብ ሥራ የክረምቱን ውኃ ይዞ በበጋ ማካፈል ነው። ተርባይኖቹ ዓመቱን ሙሉ እኩል እንዲዞሩ የወንዙ ፍሰትም ዓመቱን ሙሉ እኩል እንዲሆን ይፈለጋል። በዚህ ምክንያት ከግድቡ በታች በመስከረም የነበረው ከፍታ ወረደ፤ በየካቲት የነበረው ዝቅታ ደግሞ ከፍ አለ። በዓመት የሚወርደው ውኃ ድምር ብዙ ባይቀየር እንኳ ወንዙ ከገደፉ አይወጣም፤ ካልወጣ ደግሞ ሜዳውን አያረጥብም፣ ደለልም አይተውም፤ ደለሉ ራሱ ከግድቡ ጀርባ ይቀራል። በአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ በየዓመቱ በክረምቱ ማብቂያ ለጥቂት ቀናት ብዙ ውኃ ተለቅቆ ሰው ሠራሽ ሙላት እንደሚደረግ ተገልጾ ነበር። በተግባር እርሻው የለመደውን ሙላት አላገኘም። ለጥቂት ቀናት የሚለቀቅ ውኃ በፍጥነት ተነሥቶ በፍጥነት ይወርዳል፤ ለሳምንታት ሜዳ ላይ ተኝቶ አፈሩን ውስጥ ለውስጥ የሚያረካው ሙላት ሌላ ነው።

ግድቡ በሚሞላባቸው ዓመታት ሐይቁም ከአንድ ሜትር በላይ ወረደ። በዚያው ወቅት ከዳሰነች በላይ ባለው የታችኛው ኦሞ ሸለቆ የኩራዝ ስኳር ልማት ሰፋፊ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች በመስኖ መልማት ጀመሩ። ብዙ ተመራማሪዎችም ሐይቁ እየጎደለ እንደሚሄድ አስጠነቀቁ፤ ዩኔስኮ በ1997 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸውን የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮች በ2018 (እ.ኤ.አ.) አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባቸው። የክርክሩ ማዕከል በሁለቱም ወገን መጠን ነበር፤ አንዱ ውኃው ይጎድላል ሲል ሌላው አይጎድልም ይል ነበር። የዳሰነች ገበሬ ጥያቄ፣ ማለትም በመስከረም ውኃው ማሳዬ ላይ ይወጣል ወይ፣ በጥቅምትስ ይለቅልኛል ወይ የሚለው፣ በዚህ ክርክር ውስጥ ተገቢውን ቦታ አላገኘም።

ያልሸሸው ውኃ

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በምሥራቅ አፍሪካ ከተለመደው እጅግ የበዛ ዝናብ ጣለ፤ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከመጠን በላይ መሞቁ ለዚህ ዋና ምክንያት ነበር። በኬንያ የስምጥ ሸለቆ ያሉት ባሪንጎ፣ ናይቫሻና ናኩሩ ሐይቆች ተነሥተው መንደሮችንና ሆቴሎችን ዋጡ። ቱርካናም ተነሣ። በደቡብ ምሥራቅ ዳርቻው ያሉት የኤል ሞሎ ሰዎች መኖሪያ በውኃ ተከበበ፤ በሰሜን ጫፉ ደግሞ ሐይቁ በዳሰነች ወረዳ ላይ ወጣ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። ሐይቁ ከፍ ሲል የወንዙ አፍ አብሮ ከፍ ይላል፤ ኦሞ የሚወርድበት ቁልቁለት ድሮም እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ውኃው ወደ ኋላ ይተኛል፤ ቅርንጫፎቹ ይሞላሉ፤ ሜዳው ከሁለት አቅጣጫ ይወረራል። ከዚህም በላይ በቀድሞው ዘመን በበጋ ወራት ወንዙ ሲመነምን ትነቱ ሐይቁን ዝቅ ያደርገው ነበር፤ አሁን በበጋም ከግድቡ የማያቋርጥ ውኃ ይወርዳል። ሐይቁ መነሣቱን ግድቡ አላመጣውም፤ የመጣው በዝናብ ነው። ነገር ግን ዓመታዊውን የመጉደያ ወቅት የሚያደበዝዝ ወንዝና ከመጠን በላይ የሞላ ሐይቅ ሲገናኙ ውኃው የሚሸሽበት ጊዜ ይጠፋል። የሁለቱን ድርሻ በትክክል ለመለየት የግድቡ ዕለታዊ የውኃ አለቃቀቅ ለተመራማሪዎችና ለወረዳው ክፍት ሊሆን ይገባል።

በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ችግሩ እየከፋ ሄደ። አብዛኞቹ የወረዳው ቀበሌዎች በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ በውኃ ተያዙ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀቁ፤ ትምህርት ቤቶችና ጤና ኬላዎች ተዋጡ፤ ኦሞራቴ ከተማም ራሷ አደጋ ላይ ወደቀች። እጅግ የሚያሳዝነው ግን ይህ ሁሉ የሆነው በድርቅ መካከል መሆኑ ነው። ከ2013 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ከሽፈዋል፤ የዳሰነች ከፍተኛ ሜዳም ከዚህ አላመለጠም፤ ከብቱ በግጦሽና በውኃ እጦት በብዛት አለቀ። ሜዳው ደርቆ ከብት ሲወድቅ፣ ቁልቁል ያለው የወንዝ ዳር ግጦሽ ውኃ ውስጥ ነበር። የድሮው ሥርዓት ዝናብ ሲቀር በወንዙ፣ ወንዙ ሲያንስ በዝናቡ የሚያድን ነበር፤ በእነዚህ ዓመታት ሁለቱም በአንድ ጊዜ ታጡ። ከቢሮ ሆኖ የተረጂዎችን ዝርዝር ለሚያዘጋጅ ሰው አንድን ቤተሰብ በድርቅ ተጎጂ ወይም በጎርፍ ተጎጂ ከሚለው ዓምድ በአንዱ ብቻ ማስገባት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ወደ ዓሣው

ዳሰነች የሰውን ማዕረግ በከብት የሚለካ ማኅበረሰብ ነው። አንድ አባት ለመጀመሪያ ሴት ልጁ ዲሚ የተባለውን ታላቅ ሥነ ሥርዓት አድርጎ፣ በርካታ ከብት አርዶና እንግዳ አብልቶ ወደ ሽማግሌዎች ማዕረግ ይወጣል። ከብት ያለቀበትና ከወንዙና ከሐይቁ በዓሣና በአዞ አደን የሚኖር ሰው ዲየስ ይባላል፤ ይህም ዝቅ ያለ ደረጃ ነው። ቢሆንም በሩ የተዘጋ አልነበረም፤ ዲየስ የሆነ ሰው ዓሣ ሸጦ ፍየል፣ በፍየል ጥጃ ገዝቶ ይመለስ ነበር።

አሁን ወደ ዓሣው የወረደው ጥቂት ድሃ ሳይሆን ትልቅ የወረዳው ክፍል ነው። ውኃው በሰፋ ቁጥር ቆሮሶው፣ አምባዛውና ናይል ፔርቹ በቀድሞው ማሽላ ማሳ ላይ ይገኛል፤ ነጋዴዎች ትኩሱን በበረዶ ጭነው ወደ ሰሜን ይወስዳሉ፤ በጨው የደረቀውም በድንበር በኩል ወደ ኬንያ ገበያ ያልፋል። ብዙ ወጣቶች መረብና ጀልባ ይዘው ቤተሰብ እያስተዳደሩ ነው፤ ይህን ጥረት አለማክበር አይቻልም። ችግሩ ዓሣው ከማሽላው ጋር አንድ ዓይነት አለመሆኑ ላይ ነው። ማሽላ በጎተራ ይቀመጣል፤ ዓሣ በዚያ ሙቀት በሰዓታት ውስጥ ይበላሻልና በዋጋው ላይ የሚወስነው በረዶና መኪና ያለው ሰው ነው። መረቡ፣ ሞተሩና ቤንዚኑም በገንዘብ የሚገዙ ናቸው፤ ይህም ሰውን በዕዳ ያስገባል።

ከሁሉ የባሰው ድንበሩ ነው። በየብስ ላይ ዳሰነቾችና ከድንበሩ ማዶ በኬንያ የሚኖሩት የቱርካና ሰዎች የት የት እንደሚሰማሩ በሽማግሌዎች ስምምነትም በግጭትም የታወቀ ልማድ ነበራቸው፤ ያም ሆኖ በኬንያ በኩል ድንበሩ አጠገብ ባለችው ቶዶንያንግ አካባቢ በሃያኛውም ሆነ በሃያ አንደኛው መቶ ዓመት ደም ብዙ ጊዜ ፈስሷል። ሐይቁ ሲሰፋ የድንበር ምልክቱና የግጦሽ ወሰኑ ተዋጠ፤ አጥማጆች መረብ የሚጥሉበት ውኃ የማን እንደሆነ የሚያሳይ ነገር የለም። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በዳሰነችና በቱርካና አጥማጆች መካከል በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ የሁለቱ አገሮች ባለሥልጣናትም ሁኔታውን ለማረጋጋት ተገናኝተው ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚላክ የጸጥታ ኃይል ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ወንድሙን በመረብ ምክንያት ያጣ ወጣትን የሚያረጋጋው ከሁለቱም ወገን የተውጣጡ አጥማጆች በተስማሙበት ውኃ ላይ ያለ ሥጋት ሲሠሩ ማየቱ ነው።

ሁለቱ መንግሥታት በዚህ ተፋሰስ ላይ አብሮ መሥራት እንደሚችሉ በሌላ ጉዳይ አሳይተዋል። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ናይሮቢ አጠገብ እስካለው ሱስዋ ድረስ የተዘረጋው 1,045 ኪሎ ሜትር የከፍተኛ ኃይል መስመር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሪክ ወደ ኬንያ ያስተላልፋል፤ የሽያጩ መጠንና ዋጋም በውል ታስሯል። ኃይሉን የሚያመነጨው ውኃ ግን ወደ ሐይቁ መቼ፣ ምን ያህል እንደሚለቀቅ የሚወስን አስገዳጅ ስምምነት በሁለቱ መካከል የለም። ለአምፖሉ ውል ተጽፎ ለወንዙ አለመጻፉ ሊታረም የሚገባው ትልቅ ክፍተት ነው።

መስኖና ሰፈራ

ለዳሰነች የሚቀርበው የተለመደ መፍትሔ መስኖ ነው፤ አካባቢው ለዚህ ልምድ ያላጣ ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በወንዙ ዳር የነበረ የአሜሪካ ሚሲዮን ጣቢያ ሸራ በለበሱ የንፋስ መዘውሮች ውኃ እየሳበ ትናንሽ ማሳዎችን ያጠጣ ነበር፤ የአካባቢው ንፋስ ኃይለኛና የማያቋርጥ በመሆኑ ነዳጅ አያስፈልገውም ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ በሰሜን ኮሪያ ድጋፍ ኦሞራቴ ላይ ትልቅ የጥጥ እርሻ ተጀምሮ ሥርዓቱ ሲወድቅ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለአርብቶ አደሩ የናፍጣ ፓምፖች ተሰጥተዋል፤ ሙዝ፣ በቆሎና አትክልት ያለሙ ቡድኖችም አሉ። ፓምፕ ሲበላሽ መለዋወጫው ከጂንካ ወይም ከዚያ በላይ ካለ ከተማ እስኪመጣ ሰብሉ ይደርቃል፤ ናፍጣ ሲወደድ ፓምፑ ይቆማል። በተተወው እርሻና በወንዙ ዳርቻም ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ መጤ ዛፍ ተስፋፍቶ ግጦሹን ዘግቷል። አሁን ደግሞ ውኃው ራሱ ብዙ የመስኖ ማሳዎችን ውጧል። መስኖ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን በነጻ የሚመጣውን ሙላት በወር ወጪ በሚጠይቅ ሞተር መተካት፣ ወጪውን ማን ይሸፍናል የሚለውን ጥያቄ ሳይመልሱ መፍትሔ ሊባል አይችልም።

በእኔ ግምት አሁን ሊደረግ የሚችለውና ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀው ነገር መረጃ ማካፈል ነው። የግድቡ አስተዳደር በሚቀጥሉት ሳምንታት ሊለቅ ያሰበውን ውኃ መጠን ወረዳው አስቀድሞ ቢያውቅ፣ በዳሰነችኛ በሬዲዮና በስልክ ለየቀበሌው ቢነገር፣ ከብት የሚወጣበትና ዘር የሚዘራበት ቀን ከዚያ ጋር ሊገናዘብ ይችላል። ኮይሻ ግድብ ከግልገል ጊቤ ሦስት በታች እየተሠራ ስለሆነ ይህ ጥያቄ ከእንግዲህ ለሁለት ግድቦች የሚቀርብ ነው፤ የሁለተኛው የአሠራር መመሪያ ሳይጸድቅ የታችኛው ተፋሰስ ሕዝብ ሐሳብ ሊካተትበት የሚችልበት ጊዜም አሁን ነው።

የተፈናቀሉትን ከፍ ወዳለ ቦታ ማስፈር አስቸኳይ ሥራ ሆኗል። ከፍ ያለው መሬት በዋናነት ከኦሞራቴ በስተ ምሥራቅና በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለው ደረቅ ሜዳ ነው። ያ ሜዳ ባዶ አይደለም፤ ዳሰነችና ሐመር በዝናብ ወቅት ከብት የሚያሰማሩበት፣ አንዳንድ ጊዜም የሚጋጩበት ግጦሽ ነው። በዚያ ላይ ቋሚ መንደር ሲቆም ውኃው ከወንዙ በቦኖ ወይም በጉድጓድ መቅረብ አለበት፤ የግጦሹ ወሰንም ከሐመር ሽማግሌዎች ጋር መነጋገርን ይጠይቃል። ሰፈራው የሚታቀደው ውኃው ይሸሻል ተብሎ ለጊዜው ነው ወይስ አይሸሽም ተብሎ ለዘለቄታው ነው የሚለው ውሳኔ ከሁሉ ቀድሞ መሰጠት ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ለጊዜው የሰፈረ ሰው የአባቱን ማሳ ወሰን እያስታወሰ ይጠብቃል፤ ለዘለቄታው የሰፈረ ሰው ደግሞ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና በስሙ የተመዘገበ መሬት ያስፈልገዋል። እስካሁን ብዙው ሰው የሚኖረው በሸራ ሥር፣ ከሁለቱ አንዱም ሳይነገረው ነው።